ድምፅ ገንዘብ በሆነበት መድረክ

ጁላይ 4 ቀን 2016 ስቲሚት የተባለው የጽሑፍ መድረክ ለጸሐፊዎቹ የመጀመሪያውን ክፍያ ፈጸመ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከማርች ጀምሮ ሲጽፉ የቆዩ ሰዎች ከየጽሑፋቸው ሥር የዶላር ምልክት ያለበት አኃዝ ያዩ ነበር። በዚያን ቀን ያ አኃዝ ክሪፕቶ ገበያ ላይ ተሽጦ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ሆነ። አንዳንዱ ጽሑፍ ለባለቤቱ በሺህ የሚቆጠር ዶላር አስገኘ። ወሬው ተዛመተ፣ ሰው ጎረፈ፤ ስቲም የተባለው የመድረኩ መገበያያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፤ ከጎረፈው ሰውም ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ።

እኔን የሚገርመኝ ያልተመለሰው ነው። ጽሑፉ የሻይ ዋጋ እንኳ በማያወጣበት ጊዜ በየቀኑ እየገባ የሚጽፍ፣ የሰው ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት የሚተው፣ ለአዲስ ገቢ መንገድ የሚያሳይ ሰው ነበረ፤ ዛሬም አለ። ገንዘብ ሰው ይጠራል። ሰውን የሚያቆየው ግን ጽሑፉን አንብቦ የሚመልስለት ሌላ ሰው ነው። በክሪፕቶ ላይ የቆሙ የጽሑፍ መድረኮች ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ይህ እውነት በየጥቂት ዓመቱ በከባድ ዋጋ እንደገና የተገኘበት ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሌጎስ የምትኖር አንዲት ሴት እናቷ የኤጉሲ ሾርባ እንዴት እንደምትሠራ ጻፈች፣ ሦስት ፎቶ ጨመረችበት፣ ለቀቀችው እንበል። ጽሑፉ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ እንደ መገበያያው ስቲም በሚባለው ብሎክቼን፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት በሆነ የጋራ መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ከዚያ የሰባት ቀን ቆጠራ ይጀምራል። በነዚህ ሰባት ቀናት ያነበበ ሰው ድምፅ ይሰጣታል። የድምፁ ክብደት ግን እኩል አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ድምፁ የሚመዝነው በአካውንቱ ውስጥ «ስቲም ፓወር» አድርጎ ባስቀመጠው ገንዘብ ልክ ነው። ድምፅ ደግሞ ያልቃል። አንድ ሙሉ ድምፅ ከባለቤቱ አቅም 2 በመቶ ይወስዳል፤ አቅሙ በቀን 20 በመቶ እየተመለሰ ይሞላል። ስለዚህ አቅሙን ሳይጨርስ መቆየት የሚፈልግ ሰው በቀን አሥር ሙሉ ድምፅ አለው ማለት ነው። በሰባተኛው ቀን ሒሳቡ ይዘጋል። ከኦገስት 2019 ወዲህ ግማሹ ለጸሐፊዋ፣ ግማሹ ድምፅ ለሰጧት ይከፈላል፤ ከዚያ በፊት ጸሐፊው 75፣ ድምፅ ሰጪዎቹ 25 በመቶ ነበር የሚወስዱት። ድምፅ ሰጪው የሚከፈለው ጥሩ ጽሑፍ ፈልጎ በማግኘቱ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከማስታወቂያ አይደለም፣ ከአባልነት ክፍያም አይደለም። ሥርዓቱ በየጊዜው አዲስ ስቲም ያወጣል፤ ከሚወጣው አብዛኛው ለጽሑፍና ለድምፅ ክፍያ ወደተዘጋጀው የጋራ ቋት ይገባል። የዚህን ቋት ጠባይ ልብ ካላልን የቀረው ሁሉ አይገባንም። በቀኑ የሚገባበት መጠን የተወሰነ ነው። ለአንዷ የኤጉሲ ሾርባ የተሰጠው ድምፅ ከሌላው ሰው ድርሻ ላይ የተነሳ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ባዶ ጽሑፍ ድምፅ ቢሰጥ ከቋቱ የሚወስደው የማያውቃቸው ሰዎች ድርሻ ነው። አዲስ ስቲም በወጣ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ የያዘው ሁሉ ድርሻው ይሳሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጎረቤትህ የሚያደርገው ነገር አንተንም ይመለከታል፤ ማኅበር የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መሥራቾቹ ኔድ ስኮትና ዳን ላሪመር የመጀመሪያውን ሕግ ያወጡት ድምፅን በራሱ በማባዛት ነበር። ከሌላው አሥር እጥፍ ስቲም ፓወር ያለው ሰው ድምፁ መቶ እጥፍ ይመዝን ነበር። ስለዚህ የጥቂት ባለጸጎች ድምፅ ቀኑን ሁሉ ይወስነው ነበር። በመድረኩ ቋንቋ እነዚህ ባለጸጎች ዓሣ ነባሪ ይባላሉ፤ ትንሾቹ ደግሞ እንደየአቅማቸው ያነሱ የውኃ ፍጥረታት ስም አላቸው። ጁን 2017 ሕጉ ተለወጠና ድምፅ በያዝከው ልክ ብቻ የሚመዝን ሆነ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ በብዙ መልኩም ነበር። ነገር ግን ሌላ በር ከፈተ። የራስን ጽሑፍ በራስ ድምፅ ማሳደግ አዋጪ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ቦት የሚባሉ፣ ድምፅ የሚሸጡ ፕሮግራሞች መጡ። ጥቂት ስቲም ትልካለህ፣ ቦቱ ጽሑፍህን ከፍ ያደርገዋል። የቦቱ ባለቤት ያተርፋል፣ ስቲም ፓወራቸውን ለቦቱ ያዋሱ ሰዎች ቁጭ ብለው ኪራይ ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ የከፈለ የሚታይበት ቦታ ሆነ።

በዚህ ጊዜ የጠፋው ነገር ንባብ ነበር። ስቲም ፓወሩን ለቦት ያከራየ ሰው ማንበብ አያስፈልገውም። ድምፅ ገዝቶ የወጣ ጸሐፊም አንባቢ አያስፈልገውም። ጽሑፍ ይወጣል፣ ገንዘብ ይዘዋወራል፣ ከሥሩ ግን አንድም ቁም ነገር ያለው አስተያየት አይገኝም። ጃንዋሪ 2018 ስቲም ከ7 ዶላር ሲያልፍ ይህ ሁሉ ሀብት ይመስል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች ሆኖ ተገኘ፤ ኖቬምበር ላይ የመድረኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከሠራተኞቹ 70 በመቶውን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። በ2019 የወጣው አዲስ ሕግ ለድምፅ ሰጪ የሚደርሰውን ድርሻ ከፍ አደረገ፤ ለእያንዳንዱ ሰውም ከዋናው አቅሙ የማይቀነስ የተቃውሞ ድምፅ ሰጠው። ቦቶቹ በአብዛኛው ከገበያ ወጡ።

የተቃውሞ ድምፅ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የተሰረቀ ጽሑፍን ወይም በቦት የወጣን ባዶ ነገር ከቋቱ ለማራቅ ሌላ መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ ያስፈልጋል። ግን ትናንት ከጽሑፉ ሥር አምስት ዶላር ያየ ጀማሪ ዛሬ ዜሮ ሆኖ ሲያገኘው፣ ማን እንደወሰደበት ስሙን እያየ ለምን እንደሆነ የሚነግረው ካጣ ተመልሶ አይመጣም። የቆዩ ማኅበራት ከዚህ የተማሩት ደንብ አለ፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማበታለሁ። በመጀመሪያ በጽሑፍ ምክንያቱን ንገር፣ ማስተካከያ ጊዜ ስጥ፣ ድምፁ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ምክንያቱን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ የሌለው ሰው የሌላውን የሳምንት ሥራ ዜሮ ለማድረግም መብት ሊሰማው አይገባም።

ንባብን ሥራ ብለው የያዙት ሰዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነበሩ። ኪዩሪ የተባለው ቡድን በ2016 የተነሳው ማንም ያላያቸውን ጥሩ ጸሐፊዎች እየፈለገ ከባድ ድምፅ እንዲያገኙ ለማድረግ ነው። ስቲምክሊነርስ የተባለው ደግሞ የሌላ ሰው ጽሑፍና ፎቶ የራሳቸው አስመስለው የሚያወጡትን ያሳድድ ነበር። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሶፍትዌሩ ራሱ ኮሚዩኒቲ የሚባል ነገር ይዞ መጣ፤ ማንም ሰው 3 ስቲም ከፍሎ የራሱን ያቋቁማል። ባለቤት፣ አድሚን፣ ሞደሬተር፣ አባልና እንግዳ የሚል ደረጃ አለው። ሞደሬተር ደንብ የጣሰ ጽሑፍን ከኮሚዩኒቲው ገጽ ላይ ሊሸፍነው ይችላል፤ ሊያጠፋው ግን አይችልም፤ ብሎክቼኑ ላይ እንዳለ ይቀራል። የሞደሬተር ሥልጣን እዚህ ላይ ማለቁ ለማኅበሩ ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሞደሬተር ሥራ ምን እንደሚመስል ከውጭ ያለ ሰው አይገምትም። ስቲሚት ላይ ባሉ ብዙ ኮሚዩኒቲዎች አንድ ጽሑፍ ሲወጣ ሞደሬተሩ ከሥሩ ትንሽ ሠንጠረዥ ይለጥፋል። ጽሑፉ የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተቀዳ? ጸሐፊው ማንነቱ የታወቀ አባል ነው? ከቦት ድምፅ ይገዛል? ጽሑፉ እዚህ ብቻ ነው የወጣው ወይስ ሌላም ቦታ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምልክት ይደረጋል። ይህን ለመሙላት ሞደሬተሩ ዓረፍተ ነገሮችን ቆርጦ መፈለጊያ ላይ ያስገባል፣ ፎቶዎቹ ከሌላ ቦታ አለመወሰዳቸውን ያጣራል፣ የጸሐፊውን የገንዘብ እንቅስቃሴ ከፍቶ ያያል፤ በብሎክቼን ላይ ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍት ነውና። በመጨረሻ ስለ ጽሑፉ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ከሠንጠረዡ ሁሉ ይበልጣል። ስለ ኤጉሲ ሾርባው የጻፈችው ሴት ምልክቶቹን አይታ ታልፋለች፤ «የእናትሽ እጅ የታየበት ሁለተኛው ፎቶ ላይ ቅመሙ ምንድን ነው?» የሚለውን ግን ትመልሳለች፤ ነገም ትመጣለች።

ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ኮሚዩኒቲም በዚሁ መንገድ ነው የሠራው። አዲስ ገቢው ስድስት ደረጃ ያለው ትምህርት ያልፋል። የመጀመሪያው ራስን ማስተዋወቅ ነው፤ የተጠቃሚ ስሙንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ሁለተኛው የቁልፍ ነገር ነው። ስቲም ላይ አንድ አካውንት የተለያየ ሥራ ያላቸው ቁልፎች አሉት፤ ለመጻፍ ሌላ፣ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ሌላ፣ ለባለቤትነት ሌላ። ዋናውን የጣለ ሰው እንደ ባንክ መታወቂያ ይዞ ሄዶ የሚያስመልስበት ቢሮ የለውም። ሦስተኛው ስለ ጽሑፍ ሥነ ምግባር፣ በተለይም ስለ መስረቅ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ሰው ያርመዋል። ብዙ ቦታ አዲስ ገቢ በራሱ ተንደፋድፎ ይማር ተብሎ ይተዋል፤ እዚህ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን የሚጠራ ሰው ያገኛል።

ቋንቋ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከባድ ድምፅ የያዘው ሰው ጽሑፍህን ማንበብ ካልቻለ ጥሩነቱን በምን ያውቃል? በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽ፣ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተጋጭተዋል። መፍትሔ ያገኙት የራሳቸውን ድምፅ በማጠራቀም ነው። በ2021 የተመሠረተው የቤንጋልኛው «አማር ባንግላ ብሎግ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባላቱ በቤንጋልኛ ብቻ ይጽፋሉ፣ ለጀማሪ የራሱ ትምህርት ቤት አለው፣ ቤንጋልኛ የሚያነቡ ሰዎች የሚያንቀሳቅሱት የድምፅ አካውንት አለው። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በአማርኛ የሚጻፍ ሁሉ የሚመዘነው አማርኛ በማያነቡ ሰዎች ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ጽሑፍ ይበዛ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ፎቶና ርዕስ።

የጋራ ድምፅ የሚጠራቀምባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ አባላት ስቲም ፓወራቸውን ለኮሚዩኒቲው አካውንት ማዋስ ነው፤ ባለቤትነቱ የነሱ ሆኖ ይቀራል፣ በፈለጉ ጊዜ ይመልሱታል። ሌላው ከጽሑፋቸው ገቢ የተወሰነ ድርሻ፣ ለምሳሌ 10 በመቶ፣ በቀጥታ ለኮሚዩኒቲው አካውንት እንዲገባ ማድረግ ነው። በ2021 መጨረሻ አካባቢ ደግሞ «ክለብ 5050» የተባለ ልማድ መጣ፤ አባሉ አውጥቶ ከሚሸጠው ጋር እኩል የሚሆን ስቲም ፓወር አድርጎ እዚያው ያስቀምጣል፣ ጽሑፉም ላይ ይህንኑ ምልክት ያደርጋል። ያገኘውን ሁሉ በዕለቱ የሚሸጥ አባል የበዛበት ኮሚዩኒቲ ዕቁብ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል። እድር የሚቆየው ሳጥኑ ውስጥ ለነገ የሚሆን ስለሚተው፣ በችግር ቀንም ያልመጣው ስለሚታወቅ ነው። ይህን ያህል ቢሆንም ክለብ 5050 የተራቡትን እንዳይጨቁን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ግማሹን አስቀምጥ ማለት ለሁሉም እኩል ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ የተፈተነው በ2020 ነው። ኩባንያው ብሎክቼኑ በተጀመረባቸው ቀናት፣ ሌላው ሰው ገና ሳይገባበት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቲም ለራሱ ቆፍሮ ነበር። ይህ ሀብት ለመድረኩ ልማት ይውላል፣ በአስተዳደር ድምፅ ላይ አይገባም የሚል ቃል ነበር። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2020 ግን ትሮን የተባለው ሌላ ብሎክቼን መሥራች ጀስተን ሰን ኩባንያውን መግዛቱ ተሰማ፤ ሀብቱም አብሮ ተሸጠ። ስቲምን የሚያስተዳድሩት ዊትነስ የሚባሉ፣ በአባላት ድምፅ የሚመረጡ 20 ዋና መዝገብ ያዦች ናቸው። እነሱም በዚያው ወር የኩባንያውን ሀብት የሚያግድ የሶፍትዌር ለውጥ አደረጉ። ማርች 2 ደግሞ ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒክስ የተባሉት መገበያያዎች ደንበኞቻቸው ያስቀመጡትን ስቲም ስቲም ፓወር አድርገው ድምፅ ሰጡበት። የቀድሞዎቹ መዝገብ ያዦች በአንድ ቀን ተነሱ፣ አዳዲስ ስሞች ተተኩ።

እንዴት ተቻለ? ሕጉ እያንዳንዱ አካውንት ሙሉ ክብደቱን ሳይከፋፍል ለ30 መዝገብ ያዦች ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። በቂ ክብደት ያለው አንድ ወገን ሃያውንም ወንበር ብቻውን መሙላት ይችላል ማለት ነው። ይህ ክፍተት ለአራት ዓመት ያህል እዚያው ነበረ፤ ማንም ያልተጠቀመበት የኩባንያው ቃል ስለነበረ ብቻ ነው። የመገበያያዎቹ ደንበኞች ስቲም ፓወር የሆነው ገንዘባቸው ለ13 ሳምንታት እንደተቆለፈ ሲያውቁ ቁጣው በረታ። የባይናንሱ ቻንግፔንግ ዣኦ የተለመደ የሶፍትዌር ማሻሻያ መስሎት እንደፈቀደ ተናግሮ ድምፁን አነሳ፤ ሁዎቢም ተከተለ።

የተረፈው ሕዝብ ያደረገው ነገር ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ ነው። ማርች 20 ቀን 2020 ሃይቭ የሚባል አዲስ ብሎክቼን ተጀመረ። የአባላቱ አካውንትና ጽሑፍ፣ የአብዛኞቹም ቀሪ ሒሳብ እንዳለ ተገልብጦ ተወሰደ፤ የኩባንያው ድርሻ ግን ቀርቶ ወደ 83 ሚሊዮን የሚጠጋ የሃይቭ መገበያያ ለጋራ የልማት ፈንድ ሆነ። ባለሀብቱ ድረ ገጹን፣ ስሙንና ሰርቨሩን ገዝቷል፤ ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ መሄጃቸውን ተነጋግረው መወሰን ቻሉ። እዚያው የቀሩም ብዙ ነበሩ፣ በሁለቱም ቤት የቆዩም ነበሩ። ሜይ 20 ቀን በስቲም በኩል የተደረገ ለውጥ የ64 አካውንቶችን 23.6 ሚሊዮን ስቲም ወሰደ፤ በወቅቱ ዋጋ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የሰው ሀብት በእንዲህ ያለ ድምፅ መውሰድ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስቲሚትም ቢሆን ከዚያ በኋላ ባዶ አልቀረም። የቀሩት ማኅበራት በየአገሩ ተወካይና አንባቢ መርጠው እንደገና ተደራጁ፤ ከናይጄሪያ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬኔዙዌላ የሚጽፉ ሰዎች አቆሙት።

ሃይቭ ከደረሰበት የተማረውን ሕግ አደረገው። በ2020 መገባደጃ አዲስ የተቀመጠ ገንዘብ በአስተዳደር ምርጫ ላይ የሚመዝነው ከ30 ቀን በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። በ2021 ደግሞ የአስተዳደር ድምፅ ባለቤቱ ካላደሰው በዓመቱ እንዲያልቅ ተደረገ፤ ሄዶ የቀረ ሰው ድምፅ ለዘላለም አይገዛም። ቀላል ሕጎች ናቸው፤ ሁለቱም ለማኅበር የመነጋገሪያ ጊዜ ይሰጣሉ።

ቬኔዙዌላን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በዋጋ ንረቱ ዘመን የወር ደመወዝ ጥቂት ዶላር በሆነበት አገር፣ ከጽሑፍ የሚገኝ አምስት ዶላር የሳምንት አስቤዛ ነበር። ኋላም በሱክሬ ግዛት ያሉ የሃይቭ አባላት ሱቅ እየዞሩ ባለሱቆች የመድረኩ መገበያያ በሆነው በሃይቭ ዶላር ክፍያ እንዲቀበሉ አሳመኑ። ገንዘቡ ዳቦ የሚገዛበት ሱቅ በአቅራቢያ ሲኖር አባሉ ያገኘውን ሁሉ ወደ ውጭ ገበያ ለመውሰድ አይቸኩልም። ይህ በሁሉም አገር አይቻልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ይህን አውቆ መጀመር አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የኮሚዩኒቲው ቁልፍ ነው። ብዙ ማኅበር የሚጀመረው በአንድ ሰው አካውንት፣ በአንድ ሰው ቁልፍ ነው። አባላቱ ያዋሱት ድምፅና ያዋጡት 10 በመቶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ያ ሰው ቢታመም፣ ቢሰለች፣ ወይም ቢያጭበረብር የሌሎቹ ሥራ ሁሉ ከሱ ጋር ይሄዳል። ብሎክቼኑ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ባለቤትነቱን ለአምስት ሰዎች አከፋፍሎ ሦስቱ ካልፈረሙ ምንም እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል። ይህን ማድረግ የሚቀለው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሒሳቡ ውስጥ የሚያጣላ ነገር ገና ሳይኖር ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ገንዘብ ከተጠራቀመና ቅሬታ ከበዛ በኋላ ቁልፉን አካፍል ሲባል፣ ጥያቄው በራሱ ክስ መስሎ ይሰማል።